ከአንኮበር ቁልቁል፦ አፄ ምኒልክና የባለሙያ ነገር

የእኛ ክፍል ልጆች ሲሰባሰቡ የሚነሳው ወሬ ሁለት ነው። አንዱ ውጤት ነው፤ ሌላው ተመርቀን የት እንገባ ይሆን የሚለው ነው። የሠራተኛው ሙያና የሥራ ገበያው ፍላጎት አልተገናኙም የሚባለውን በየስብሰባው እንሰማለን። ነገሩ ግን የዛሬ አይደለም። በዚህ አጭር ጽሑፌ ይህንኑ ጉዳይ በአንድ ሁላችንም በምናውቃቸው ሰው ሕይወት በኩል ላስቃኛችሁ ወድጃለሁ። ሰውየው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው። ስለ ዓድዋ ሌሎች ብዙ ስለጻፉ እኔ የማተኩረው ባለሙያ ፈላጊው ምኒልክ ላይ ነው። መልካም ንባብ!

እኔ የሸዋሮቢት ልጅ ነኝ። ጣርማ በርን ወርዳችሁ ደብረ ሲናን ስታልፉ ሙቀቱ የሚቀበላችሁ የይፋት ቆላ፣ የሽንኩርትና የማሾ አገር ማለት ነው። ከእኛ ቆላ ወደ ደቡብ ያለውን የተራራ ሰንሰለት ተከትሎ ሲኬድ አንኮበር ይገኛል። በምኒልክ ዘመን ከባሕር ጠረፍ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሃ በግመል አቋርጦ ይፋት ውስጥ ፋሬ ላይ ይደርሳል። ግመል ዳገት ስለማይወጣ ዕቃው እዚያ ወርዶ በበቅሎና በአህያ ወደ አንኮበር ይወጣል። ከአንኮበር በታች ያለው የአልዩ አምባ ገበያ ደግሞ አሞሌ ጨው፣ ጥጥና ቡና የሚለዋወጥበት ትልቅ ገበያ ነበር። የአርጎባ ነጋዴዎችና ሸማኔዎች የታወቁበት አገርም ይኸው ነው። እንግዲህ ጠመንጃውም፣ የውጭ አገር ሰውም፣ አዲስ ዕቃም ወደ ሸዋ የሚገባው በእኛ ቆላ በኩል ነበር ማለት ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ናቸው። በ1848 አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ ልጁን ማርከው ወሰዱት። ምኒልክ በቴዎድሮስ እጅ አድገው በ1857 ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ። ያን ጊዜ 21 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። የእኔ ዕድሜ መሆኑ ነው እንግዲህ!

ቴዎድሮስም ባለሙያ ፈላጊ ነበሩ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚስዮናውያንን ሰብስበው መድፍ አሠርተዋል። ችግሩ ባለሙያዎቹ በኋላ እስረኛ ሆኑ፤ ጠቡም ከእንግሊዝ ጋር ሆነና መጨረሻው መቅደላ ላይ አለቀ። ምኒልክ በሌላ መንገድ ሄዱ። ባለሙያውን በደብዳቤ አስፈልገው፣ ደመወዝ ቆርጠው አስመጡት። ኤደን ላይ በሚነግዱ የስዊስ ሰዎች በኩል መሐንዲስ ፈልጉልኝ ብለው ላኩ። በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የሚባል የ24 ዓመት ስዊሳዊ ከሁለት የእጅ ባለሙያዎች ጋር አንኮበር ገባ። ዙሪክ ከሚገኘው ፖሊቴክኒክ የተመረቀ መሐንዲስ ነው።

ታዲያ የመጀመሪያ ሥራው ምን ሆነ መሰላችሁ? እንደሚነገረው ጫማ መስፋት ነው! ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ ታዘዘ። ኢልግ ከውጭ የሚመጣው ጠመንጃ የተሻለና የረከሰ መሆኑን ቢያስረዳም አልተሰማም። ሠርቶ አሳየ። ምኒልክም ካዩ በኋላ ነገሩ ገባቸው ይባላል። ጨዋታ ቢመስልም ትልቅ ትምህርት አለበት። የተማረ ሰው ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ የተማረውን ሰው በሚያዋጣው ቦታ ማስቀመጥ ሌላ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ኢልግ በሙያው ሠራ። በአዋሽ ላይ ድልድይ አቆመ፤ ከእንጦጦ ሥር ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥት አስገባ፤ በ1886 የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ከተቀበሉት ዋነኛው ሆነ። ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። አርመኑ ሰርኪስ ቴርዚያን ለመንገድ ሥራ ያስመጣው የእንፋሎት መኪናም እስከ ዛሬ የሰርኪስ ባቡር እየተባለ ይነሳል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይመጣል። አገሩ ውስጥ ባለሙያ አልነበረም እንዴ? ነበረ እንጂ! ማረሻውን የሚቀጠቅጥ፣ ሸማውን የሚሠራ፣ ቆዳውን የሚያለፋ፣ ሸክላውን የሚጠፈጥፍ ሰው በይፋትም በመንዝም ሞልቶ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ቀጨኔ አካባቢ የሚኖሩ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች አባቶቻቸው በምኒልክ ዘመን ለቤተ መንግሥት ሥራ ከሰሜን ሸዋ እንደመጡ ይናገራሉ። የጠፋው ክብሩ ነው። ብረት የሚሠራው ጠይብ ይባላል፣ ቡዳ ነው ተብሎም ይፈራል። ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ ነው። ሸማኔው ቁጢት በጣሽ ተብሎ ይሰደባል። ይጋቡዋቸው የነበሩት እርስ በርሳቸው ብቻ ነበር። እንግዲህ የትኛው አባት ነው ልጁን ብረት ሥራ ተማር ብሎ የሚልከው? ገበያው ሙያውን ይፈልጋል፤ ማኅበረሰቡ ግን ባለሙያውን አይፈልግም። እኔ እንደሚመስለኝ የምኒልክ ዘመን ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው።

ምኒልክ ይህን አይተውታል። በጥር 1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከለከሉ። ሐሳቡ በአጭሩ ሲቀመጥ፣ ሰው ሁሉ ከአንድ አባት ከአዳም የመጣ ነው፤ በሌላ አገር ሠሪው ስለሚከበር አዲስ ነገር ይወጣል፤ እኛ ግን ሠሪውን እየሰደብን አገሩን ባዶ አደረግነው የሚል ነው። ከእንግዲህ የሚሳደብ ሰው ንጉሡን እንደሰደበ ተቆጥሮ አንድ ዓመት እንዲታሰርም ደነገጉ። የሚገርመው፣ አዋጁ የወጣው ምኒልክ ለ40 ዓመት ያህል ከገዙ በኋላ፣ ጤናቸውም መናጋት በጀመረበት ወቅት ነው። ዘግይቷል።

በዚያው ሰሞን ሌላም ነገር ሆነ። በጥቅምት 1900 የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ተሾሙ። ዓመት ቆይቶም በ1901 የምኒልክ ትምህርት ቤት በግብጻውያን የኮፕት መምህራን ተከፈተ። ዋናው ትምህርት ቋንቋ ነበር፤ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛ፣ ዓረብኛ። መንግሥት አስተርጓሚና ጸሐፊ ያስፈልገው ስለነበር ይህ ስህተት አልነበረም። ነገር ግን አዋጁ የእጅ ሙያ ይከበር ሲል ትምህርት ቤቱ ለቢሮ ያዘጋጅ ነበር። የአዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የተከፈተው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። እስከዚያ የተማረ ሰው ማለት ብዕር የያዘ ሰው ሆኖ ቀረ። ምኒልክ ለረጅም ጊዜ ታመው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ አላዩትም።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ታሪክ ለመደርደር ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት ወዴት ይሂዱ? ብዙዎቹ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሂዱ ይባላል። ሰፈራችን ግን እዚያ የሚገባውን ልጅ እንደ ወዳቂ ነው የሚያየው። እናቶች ቡና ላይ ሲያወሩ ዩኒቨርሲቲ የገባውን ልጃቸውን ይጠራሉ፤ ብየዳ የሚማረውን ዝም ይሉታል። ቆላችን ውስጥ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማው ገበሬ ደግሞ የውኃ ሞተሩ በበጋ ሲቆምበት የሚፈልገው የሚጠግንለትን ሰው ነው። ሽንኩርት ውኃ አጥቶ ስንት ቀን ይቆያል? ያኔ የሚጠራው ባለዲግሪውን አይደለም። ስድቡ ተለወጠ እንጂ አልቀረም ማለት ነው።

ከምኒልክ ሕይወት እኔ የወሰድኩት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ምን እንደሚያስፈልግ ሳይታወቅ ባለሙያ ቢመጣ መሐንዲሱም ጫማ ሰፊ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ባለሙያ በግድ አይገኝም፤ በደመወዝና በአክብሮት ነው የሚገኘው። ሦስተኛ፣ አዋጅ ብቻውን የሰውን አፍ አይዘጋም፤ አዋጁን የሚከተል ትምህርት ቤትና ሥራ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ላይ እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ድርሻ ያለን ይመስለኛል። በየጊዜው ጽሑፋችንን የምንሞላው በባለሥልጣንና በዘፋኝ ነው። እስቲ ለሚቀጥለው ልምምዳችን ጋራዥ እንግባ፣ ሸማኔው ጉድጓድ አጠገብ እንቀመጥ፣ ሞተር ጠጋኙን ሥራውን ማን እንዳስተማረውና ስንት እንደሚያገኝ እንጠይቀው። ሙያው የሚታይና የሚነገርለት ሲሆን ነው አባት ልጁን ወደዚያ የሚልከው።