ራስ አባተ ቧያለው፦ የከምባታው ገዥ

ራስ አባተ ቧያለው በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በሊቀ መኳስነት ያገለገሉ፣ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ከባልቻ ሳፎ ጋር በመድፈኛነት ስማቸው የተጠራ የጦር ሰው ነበሩ። ኋላም ከምባታን እንዲገዙ ተሾሙ፤ አገሬው ዋቸሞ የሚላት የሆሳዕና ከተማ አመሠራረትም ከስማቸው ጋር ተያይዞ ይነሣል።

እንደራሴው ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ሥልጣኑን በኃይል ለመያዝ ሞከሩ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴና ሌሎች መኳንንት ግን ተቃወሟቸው፤ አባተም ግዛታቸውን አጥተው ታሰሩ።

የዐድዋ ውለታቸው አይካድም። ይሁን እንጂ ያ ዘመን ለሐድያና ለከምባታ ገበሬ የገባርነት ሸክም የወደቀበት ዘመን ነው። የገዥን ታሪክ የምንጽፍ ባልደረቦች ሹመቱን ስንዘረዝር የገባሩን ድካም ብንተው፣ የጻፍነው ግማሹን ብቻ ነው።