ከመጻሕፍት ጥረዛ እስከ ቤተ ሙከራ

ማይክል ፋራዳይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሴፕቴምበር 22 ቀን 1791 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በለንደን ከተማ አጠገብ ተወለደ፡፡ አባቱ አንጥረኛ ነበር፡፡ ሆኖም ጤና ስላልነበረው ዘወትር ሠርቶ ልጆቹን ለማስተዳደር አልቻለም፡፡ በ1801 ኑሮ እጅግ በተወደደ ጊዜ ለትንሹ ማይክል የሳምንት ቀለብ ሆኖ ይሰጠው የነበረው አንድ ዳቦ ብቻ እንደ ነበር ይነገራል፡፡ በትምህርት ቤትም የቀሰመው ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከጥቂት ሒሳብ አላለፈም፡፡

በ1804 ጆርጅ ሪቦ በተባለ መጻሕፍት ሻጭ ዘንድ ተላላኪ ሆኖ ጋዜጣ ማደል ጀመረ፡፡ በሚከተለው ዓመት ሪቦ የመጻሕፍት ጥረዛ ሙያ በሰባት ዓመት ውስጥ ሊያስተምረው ያለ ክፍያ ተቀበለው፡፡ ፋራዳይ ቀን የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት ከሥራ በኋላ ያነብ ነበር፡፡ በተለይም በአንድ ኢንሳይክሎፒዲያ ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈው ክፍልና ጄን ማርሴት ስለ ኬሚስትሪ ያዘጋጀችው መጽሐፍ ልቡን ማረኩት፡፡ ከጥቂት ገቢው እየቆጠበ ዕቃ በመግዛት በመጽሐፉ የተነገረውን ሁሉ በሙከራ ያረጋግጥ ጀመር፡፡

ከዚህም በላይ የሚጎድለውን ለይቶ ያውቅ ነበር፡፡ የማስታወስ ችሎታው ደካማ ስለ ነበረ ያነበበውንና የሰማውን በማስታወሻ ደብተር መመዝገብን ልማድ አደረገ፡፡ የመሣሪያዎችን ቅርጽ በትክክል ለማሳየት በሪቦ ቤት ተከራይቶ ይኖር ከነበረ ሠዓሊ ሥዕል ተማረ፡፡ የጽሑፍ ችሎታውን ለማሻሻል ስለ ሳይንስ ከሚያወራው ባልንጀራው ጋር ደብዳቤ ይጻጻፍ ነበር፡፡ ወንድሙም ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ ሽልንግ እየከፈለለት የማታ የሳይንስ ንግግሮችን ተከታተለ፡፡

በ1812 ከሪቦ ደንበኞች አንዱ፣ ሰር ሐምፍሪ ዴቪ የተባለው ታላቅ የኬሚስትሪ ሊቅ በሮያል ኢንስቲቲዩሽን የሚሰጣቸውን አራት ንግግሮች እንዲሰማ የመግቢያ ትኬት ሰጠው፡፡ ፋራዳይ የሰማውን ሁሉ ጽፎ፣ ሥዕል ጨምሮበት፣ በገዛ እጁ ጠርዞ 300 ገጽ ያህል መጽሐፍ አደረገው፡፡ በዚያው ዓመት የሙያ ትምህርቱ ስላበቃ ዕድሜውን በጥረዛ የሚፈጽምበት ጊዜ ደርሶ ነበር፡፡ ሥራ ለማግኘት ለሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ቢጽፍ መልስ አላገኘም፡፡ ተስፋ ሳይቆርጥ ለዴቪ ጻፈ፤ የጠረዘውንም መጽሐፍ አብሮ ላከለት፡፡ ዴቪ በትጋቱ ቢደሰትም በመጀመሪያ በሙያው እንዲጸና መከረው፡፡ ወዲያው ግን የቤተ ሙከራው ረዳት ከሥራ በመሰናበቱ በማርች 1813 ፋራዳይ በሳምንት 25 ሽልንግ ደመወዝ በምትኩ ተቀጠረ፡፡

በዚያው ዓመት ዴቪን ተከትሎ ወደ አውሮፓ አገሮች ተጓዘ፡፡ የዴቪ ሚስት እንደ አሽከር ስለምትቆጥረው እጅግ ተቸገረ፤ ወደ አገሩ ሊመለስም አስቦ ነበር፡፡ ነገር ግን የሚገኘውን ዕውቀት ከውርደቱ አብልጦ በማየት ታገሠ፡፡ ታላላቅ ሊቃውንትን አየ፤ ፈረንሳይኛና ጣሊያንኛም ተማረ፡፡ ከተመለሰ በኋላ ከአንድ መምህር የንግግር ጥበብን ተማረ፡፡ በዚህም ጥረት ንግግሩ የሚወደድ መምህር ሆነ፤ ለወጣቶች የሚሰጠውን የገና በዓል የሳይንስ ትምህርት ለ19 ጊዜ አስተማረ፡፡

ፋራዳይ በ1831 ማግኔትን በሽቦ ጥቅል ውስጥ በማንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ማመንጨት እንደሚቻል አረጋገጠ፡፡ ዛሬ የቆቃም ሆነ የዓባይ ግድብ ውኃ ተርባይን እያዞረ ኤሌክትሪክ የሚሰጠን በዚሁ መሠረተ ሐሳብ ነው፡፡ ከፍተኛ ሒሳብ ባለመማሩ ግኝቱን በቀመር መግለጽ አልቻለም፤ ይህን የፈጸመው ከእርሱ በኋላ የተነሣው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነው፡፡ ፋራዳይ ግን ጉድለቱን በጥንቃቄ በተሠሩ ሙከራዎች አካካሰ፡፡ የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት እንዲሆን ቢጠየቅ ሹመቱን አልቀበልም ብሎ በሥራው ጸና፡፡ በኦገስት 25 ቀን 1867 ዐረፈ፡፡

ፋራዳይ የመግቢያ ትኬቱን ያገኘው በሌላ ሰው ቸርነት ነው፡፡ ሆኖም የሰማውን መጻፍ፣ ያየውን መሣልና ወረቀቱን መጠረዝ አስቀድሞ ባይማር ኖሮ ትኬቱ ከአራት ቀን ደስታ በቀር ባልተረፈው ነበር፡፡