አጥንትን በዳዶ ያቃኑ ሐኪም

በፈረሰኞቿ በታወቀችው በእንጅባራ ከፈረስ ወድቆ እግሩ የተሰበረ ሰው፣ ወጌሻ በቀርከሃ ካሰረው በኋላ አጥንቱ እስኪገጥም ተኝቶ እንዲሰነብት ይመከራል። በሆስፒታልም ቢሆን ጄሶ የቀርከሃውን ቦታ ተካ እንጂ ምክሩ ለረጅም ዘመን ያው ነበር። ይህን አስተሳሰብ ከመሠረቱ ካናወጡት ሰዎች አንዱ ሶቭየታዊው የአጥንት ሐኪም ጋቭሪል ኢሊዛሮፍ ናቸው።

ኢሊዛሮፍ እ.ኤ.አ. በ1921 በፖላንድ ተወልደው በካውካሰስ አደጉ። በ1944 የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጽመው ከሞስኮ እጅግ ርቆ በሚገኘው በኩርጋን ገጠር ተመደቡ። በዚያም ስብራታቸው አልገጥም ያለ ወይም ተጣሞ የገጠመ የጦር ጉዳተኞች ይጠብቋቸው ነበር።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሠሩት መሣሪያ መሐንዲስን የሚያስቀና ነው። የብረት ቀለበቶች እግሩን ይከባሉ፤ ቀጫጭን ሽቦዎች አጥንቱን ዘልቀው በቀለበቱ ላይ እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ ይወጠራሉ፤ ቀለበቶቹም በጥርሳም ዘንግና በዳዶ ይያያዛሉ። ጉልበቱ የተጣመመ ሰው ሲመጣ ከጉልበቱ በታች ያለው የቅልጥም አጥንት በቀዶ ሕክምና ይቆረጣል። ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ ዳዶው በቀን አራት ጊዜ፣ በየጊዜው ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ይዞራል፤ በተከፈተው ስፍራም አዲስ አጥንት ይበቅላል። ቢፈጥን ክፍተቱ ሳይሞላ ይቀራል፤ ቢዘገይ አጥንቱ ሳይቃና ይገጥማል።

ታማሚው ግን አልጋ ላይ አይውልም። ክራንች ይዞ፣ ቀለበቱን እንዳጠለቀ ይራመዳል፤ አጥንትን የሚያጠነክረው የሰውነቱ ክብደት ነውና። ይህ ማለት ሥቃይ የለውም ማለት አይደለም። ሽቦው የገባበት ቆዳ በየጊዜው ካልተጸዳ ያመረቅዛል፤ ጉልበቱም በየዕለቱ ካልታጠፈ ይደርቃል። ወራት የሚፈጀውን ይህን ሥራ የሚሠራው በአብዛኛው ታማሚው ራሱ ነው፤ ሐኪሙ ከቆረጠና ከለካ በኋላ ተቆጣጣሪ ብቻ ይሆናል።

የሞስኮ ሊቃውንት የገጠሩን ሐኪም ለዓመታት በጥርጣሬ ተመለከቱ። ስማቸው የገነነው፣ በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ በከፍታ ዝላይ ወርቅ ያገኘውና በ1965 በሞተር ብስክሌት አደጋ እግሩ የደቀቀው ቫለሪ ብሩሜል፣ ከብዙ ከንቱ ቀዶ ሕክምና በኋላ በእርሳቸው እጅ ድኖ ዳግም ከ2 ሜትር በላይ ሲዘል ነው። በ1980 ጣሊያናዊው ተራራ ወጪ ካርሎ ማውሪ ለዓመታት ሲያነክስ ቆይቶ ኩርጋን ደረሰ፤ ቀንቶትም ተመለሰ። በማግስቱ ዓመት የጣሊያን ሐኪሞች ኢሊዛሮፍን ጋበዙ፤ ቀለበቱም ወደ ምዕራቡ ዓለም ሆስፒታሎች የተሻገረው ከዚያ ወዲህ ነው። ኢሊዛሮፍ በ1992 እዚያው ኩርጋን አረፉ።