ከመደርደሪያው በፊት መዝገቡ
የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሕይወት

በዝዋይ ሐይቅ ላይ ካሉት ደሴቶች ትልቋ ቱሉ ጉዶ፣ በቤተ ክርስቲያን ስሟ ደብረ ጽዮን፣ ከባቱ ከተማ በጀልባ የምትደረስ ናት። በትውፊት እንደሚነገረው፣ በዮዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት መጻሕፍታቸውን ይዘው የተጠጉት ወደዚህች ደሴት ነበር። ውኃው መጻሕፍቱን ከወራሪ ጠብቋቸዋል፤ ከአንባቢም አርቋቸዋል። በአገሪቱ በየገዳሙና በየደብሩ የተከማቸው ሀብት ዕጣው ከዚህ የራቀ አልነበረም። የትኛው መጽሐፍ የት እንዳለ የሚያውቁት ቄሰ ገበዙና ጥቂት መምህራን ናቸው፤ እነርሱ ሲያልፉ ዕውቀቱም አብሮ ያልፋል። ይህን ጉድለት ቀድመው ተረድተው በታተመ መዝገብ ለማቃናት ከሞከሩት ኢትዮጵያውያን ዋነኛው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው።

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ፣ ደን በተባለው ስፍራ ተወለዱ። በቤተ ክህነት ትምህርት አድገው በእንጦጦ ራጉኤል ከተማሩ በኋላ በብዕራቸው ወደ ቤተ መንግሥት ገቡ። ከጽሕፈት ሥራ ተነሥተው የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት እስከ መምራት፣ ከ1923 ዓ.ም. ጀምሮም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሱ። የሹመቱ ታሪክ በሌሎች ስለ ተጻፈ እዚህ አይዘረዘርም።

ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ግን የትውልዳቸው ዘመን ራሱ የሚያሳስብ ነገር አለው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ካሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። የቋንቋ ሊቁ ዊልያም ራይት ለእነዚህና ለሌሎች የኢትዮጵያ ብራናዎች ያዘጋጀው ካታሎግ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1877 ታተመ። ኅሩይ የተወለዱት በማግሥቱ ዓመት ነው። እንግዲህ ከአገር የወጣው መጽሐፍ በባዕድ ከተማ ቁጥርና መግለጫ ሲሰጠው፣ በአገር ውስጥ የቀረው ብዙ እጥፍ ገና ስሙ እንኳ በአንድ ወረቀት ላይ አልሰፈረም ነበር።

በ1903 ዓ.ም. ኅሩይ ለንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዘውድ በዓል ከተላከው የኢትዮጵያ መልእክተኛ ቡድን ጋር ለንደን ሄዱ። ከጉዞው በተመለሱ ማግሥት፣ በ1904 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት የሚቆጥር መዝገብ አሳተሙ። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ ዳግመኛ አዘጋጅተው አወጡት። በዛሬው ሙያ ሚዛን ሲታይ ሥራው ጉድለት እንዳለበት አይካድም፤ ራይት ለእያንዳንዱ ብራና የሰጠውን ዓይነት ዝርዝር ትንተና ከእርሱ የሚጠብቅ አያገኝም። ይሁን እንጂ የብራናውንና የማተሚያውን ሥራ የአንድ አገር ሥነ ጽሑፍ አድርጎ ማየቱ በዚያ ዘመን ቀላል አሳብ አልነበረም። ከሁሉም በላይ የሚደነቀው መመለሳቸው ነው። መዝገብ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ከሆነ በአሥር ዓመት ውስጥ የሙታን ዝርዝር ይሆናል፤ ኅሩይ ከ16 ዓመት በኋላ፣ በሥልጣን ጫና መካከል፣ እንደገና ቆጠሩ።

ቆጣሪ ብቻ አልነበሩም። ጎሐ ጽባሕ የተባለውን ማተሚያ ቤት አቋቁመዋል። በ1915 ዓ.ም. ያወጡት የሕይወት ታሪክ፣ ያለፉ ሰዎችን በአጭር በአጭሩ የሚያስተዋውቅ የማመሳከሪያ መጽሐፍ ነው፤ ዛሬም ስለ ጥንት ሰው የሚጠይቅ አንባቢ ሲመጣ እርሱን የሚያወጣ ባለሙያ አይሳሳትም። ወዳጄ ልቤና ስለ ጃፓን የጻፉት ማኅደረ ብርሃንም ይታወቃሉ። ሚኒስትርነትንና የማተሚያ ቤት ጣጣን አጣምሮ የያዘ ሰው ከዚያ ወዲህ እምብዛም አልታየም።

እርሳቸው ካለፉ በኋላ በ1936 ዓ.ም. ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ተቋቋመ፤ በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 179ም የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ድርጅቱን ሥልጣን ወሰነ። ሆኖም አዋጅ ባቱ ድረስ በእግሩ አይመጣም። የትምህርት ቤት መጽሔት፣ የደብር ታሪክ፣ በአፋን ኦሮሞ በጥቂት ቅጂ የታተመ የግጥም ጥራዝ፣ ስለ ዛይ ሕዝብ የተዘጋጀ የመመረቂያ ጽሑፍ የት እንዳለ ሊያውቅ የሚችለው እዚያው ከተማ ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያሳየው የተመዘገበለትን ብቻ ነው። ከወንበሩ ተነሥቶ፣ በጀልባም ቢሆን ተሻግሮ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ፣ በስጦታ የመጣውን መጽሐፍ መመዝገብ ብቻውን የአካባቢውን ሀብት አያስታውቅም።

የኅሩይ የመጨረሻ ዓመታት ይህን በመራራ መንገድ ያሳያሉ። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ሲገባ እርሳቸው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በተፈጸመው ጭፍጨፋ፣ በውጭ አገር ተምረው የተመለሱት ልጆቻቸው ፈቃደ ሥላሴና ጊዮርጊስ ተገደሉ። ለብዙ ዓመታት የደከሙበት የኢትዮጵያ ታሪክ በማተሚያ ቤት ሳለ ወረራው ደረሰበትና ከጥቂት ቅጂ በቀር ጠፋ። የ1904 እና የ1920 ዓ.ም. መዝገቦች ግን አስቀድመው ታትመው በየእጁ ተበትነው ስለ ነበር ተረፉ። ኅሩይ መስከረም 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ዐረፉ። ያ የታሪክ መጽሐፍ እንደገና ታትሞ ለአንባቢ የደረሰው በ1999 ዓ.ም. ነው።