ሜዳ የተዘጋባት ኳስ ተጫዋች፦ ሊሊ ፓር

ስለ እግር ኳስ ጀግኖች በተነሣ ቁጥር ጆሯችን የለመደው የወንዶችን ስም ነው። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የአንዲት ሴት ተጫዋች ታሪክ ለውድ አንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሊሊ ፓር በእንግሊዝ አገር በሴንት ሄለንስ ከተማ በ1905 ተወለደች። አባቷ የመስተዋት ፋብሪካ የጉልበት ሠራተኛ ነበር፤ በቤቱም ሰባት ልጆች ነበሩ። ሊሊ ከቤት ውስጥ ሥራ ይልቅ ከወንድሞቿ ጋር ኳስ መለጋት ይቀናት ስለነበር ግራ እግሯ ገና በልጅነቷ በረታ።

በዚያው ዘመን ወንዶቹ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲዘምቱ በፕሬስተን ከተማ በዲክ ከር ፋብሪካ ጥይት የሚሠሩት ልጃገረዶች ነበሩ። እነርሱም በዕረፍት ሰዓት የጀመሩት ጨዋታ ቡድን ሆኖ፣ በ1917 በገና ዕለት ለቁስለኞች መርጃ ሲጫወቱ 10,000 ያህል ሰው ተመለከታቸው። የቡድኑ መሪ አልፍሬድ ፍራንክላንድ ሊሊን በ1920 ከሴንት ሄለንስ ቡድን ወሰዳት። ለአንድ ግጥሚያም 10 ሺሊንግ ይሰጣት ነበር።

በዚሁ ዓመት ቡድኑ ከፈረንሳይ ልጃገረዶች ጋር ተጋጠመ፤ ይህም ከመጀመሪያዎቹ የሴቶች ዓለም አቀፍ ግጥሚያዎች አንዱ ነው። በዲሴምበር 26 ደግሞ በሊቨርፑል ከተማ በጉዲሰን ፓርክ 53,000 ሰው ገባ፤ ቦታ አጥቶ ከበር የተመለሰውም ብዙ ሺህ ነበር። ተጋጣሚው የሊሊ የቀድሞ ቡድን ሴንት ሄለንስ ሲሆን 4 ለ 0 ተሸነፈ። የቀድሞ ጓደኞቿ ምን ተሰምቷቸው ይሆን እያልን ተነጋግረናል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ጭብጨባ ብዙ አልቆየም። በዲሴምበር 5 ቀን 1921 የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር፣ ጨዋታው ለሴት አይገባም፣ ለበጎ አድራጎት ከሚሰበሰበውም ገንዘብ ለወጪ የሚውለው በዝቷል በማለት በሥሩ ያሉ ክለቦች ሜዳቸውን ለሴቶች እንዳይሰጡ ወሰነ። በገንዘቡ ላይ ጥርጣሬ ካለ ሒሳቡን መመርመር ይበቃ ነበር፤ በእኛ አስተያየት ሜዳ መዝጋት ለሒሳብ መድኃኒት አይሆንም።

ሊሊ ግን ጫማዋን አልሰቀለችም። በ1922 ከቡድኑ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግራ ከወንዶች ቡድኖች ጋር ተጫወተች። ምቷ ከባድ ከመሆኑ የተነሣ የአንድ ወንድ በረኛ ክንድ ሰብራለች እየተባለም ይነገራል። ኋላም በፕሬስተን አጠገብ በዊቲንግሃም የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነርስ ሆነች፤ በሥራዋ ቀን በሽተኛ ታስታምማለች፣ በዕረፍቷ ቀን በተገኘው ሜዳ ትጫወታለች።

በ1937 በብላክፑል ከተማ የታላቋ ብሪታንያና የዓለም ሻምፒዮና የተባለ ግጥሚያ ተደረገ። የእነ ሊሊ ቡድን የስኮትላንድን የኤዲንብራ ልጃገረዶች 5 ለ 1 አሸነፈ። ሁለት ቡድኖች ብቻ ተጋጥመው የዓለም ሻምፒዮና መባሉ መጀመሪያ አሳቀን። ኋላ ስናስበው ግን ትልልቁ ሜዳ ሁሉ ለተዘጋባቸው ሴቶች ከዚህ የሚሰፋ ዓለም ከየት ይመጣ ነበር?

ሊሊ እስከ 1951 ድረስ፣ ዕድሜዋ ከአርባ አምስት እስኪያልፍ ተጫወተች። ክልከላው የተነሣው ሃምሳ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ነው። እርሷም ያን ጊዜ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኗት በካንሰር ሕመም ተቀጥታ ስለነበር በተከፈተው ሜዳ አልሮጠችም፤ መከፈቱን ግን በሕይወት ሳለች ሰማች። በ1978 ዐርፋ በተወለደችበት በሴንት ሄለንስ ተቀበረች። በ2002 በእንግሊዝ ብሔራዊ የእግር ኳስ ሙዚየም ከታላላቅ ተጫዋቾች መዝገብ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ በ2019ም በማንቸስተር በዚሁ ሙዚየም ሐውልቷ ቆመ።