አለቃ ገብረ ሐና፤ ሊቁና ጨዋታቸው

አለቃ ገብረ ሐና በ19ኛው መቶ ዓመት ከኖሩት የቤተ ክህነት ሊቃውንት አንዱ ናቸው። በጣና ሐይቅ አጠገብ በፎገራ ተወልደው በጎንደር ተምረው አስተማሩ፤ ኋላም በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ታወቁ። የጣናን ሞገድ ተመልክተው የደረሱት አዲስ አቋቋም በጎንደር ሊቃውንት ዘንድ ተቃውሞ እንደ ገጠመው ይነገራል። ልጃቸው አለቃ ተክሌ ግን በደብረ ታቦር ስላስፋፉት እስከ ዛሬ የተክሌ አቋቋም ይባላል።

ይሁን እንጂ ከሊቅነታቸው ይልቅ ስማቸውን ያናኘው ቀልዳቸው ነው። ከጎንደር እስከ ደሴና ኮምቦልቻ በየቡናው ዙሪያ ስለ እርሳቸው የሚፈጠረው ተረት እውነተኛ ሕይወታቸውን ሊሸፍነው ምንም አልቀረው። ከተረቶቹ በአንዱ፥ አህያ የሚነዱ ሴቶችን የአህያ እናቶች አድርገው ሰላም ቢሏቸው፥ ሴቶቹ እንደ ልጃቸው ቆጥረው አጸፋውን መለሱላቸው። ታላቁ ሊቅ በአንድ ቃል የአህያ ልጅ ሆነው ዐረፉት።

ስለ ወዳጅነት ለሚጽፍ ደራሲ ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። ከእውነት የራቀ ቀልድ ወዳጅ የሚያፈራው ቀልደኛው ራሱም መሣቂያ ለመሆን ሲፈቅድ ነው፤ ሌላውን ብቻ ሲነካ ግን ከስድብ አይለይም። ሕዝቡም አለቃን እንደ ወዳጅ ያቆያቸው የረቱበትን ብቻ ሳይሆን የተረቱበትንም አብሮ እየተረከ ነው።