ጉንፔ ዮኮይና ባለ አራት ድንጋዩ መጫወቻ

በመቱ፣ በጎሬና በቡሬ የምንገኝ ተማሪዎች አዲስ ጌም ወጣ ሲባል አስቀድመን የምንጠያየቀው ስለ ሥዕሉ ማማር አይደለም፤ በደካማ ስልክ ሳይንቀራፈፍ ይሠራ እንደሆነ፣ ባትሪውንም ቶሎ ይጨርስ እንደሆነ ነው። ይህንኑ ጥያቄ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ያደረጉ አንድ ጃፓናዊ ነበሩ። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ጉንፔ ዮኮይ በ1941 በኪዮቶ ከተማ ተወለዱ። በዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሮኒክስ ተምረው በ1965 ኒንቴንዶ ገቡ። ኒንቴንዶ ያን ጊዜ የመጫወቻ ካርታ ይሠራ ነበርና ሥራቸው የፋብሪካውን መኪናዎች መጠበቅ ነበር። በትርፍ ጊዜያቸው የሚዘረጋና የሚታጠፍ የመጫወቻ እጅ ሠርተው ሳለ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማውቺ አዩባቸው። ሆኖም በመቈጣት ፈንታ ለገበያ እንዲያዘጋጁት አዘዟቸው፤ በ1966 ወጥቶ ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

የዮኮይ ዘዴ እንዲህ ነበር። አንድ የቴክኒክ ዕቃ ሲያረጅ ዋጋው ይረክሳል፤ ጠባዩና ጉድለቱም ተመርምሮ ይታወቃል። በዚህ በታወቀው ዕቃ አዲስ ጨዋታ ማሰብ ይቻላል። በባቡር የሚጓዝ አንድ ሰው ሰልችቶት የሒሳብ ማሽን ሲነካካ አይተው ኖሮ፣ በ1980 በዚያው በርካሽ የሒሳብ ማሽን መስተዋት የኪስ ጌም አወጡ።

ትልቁ ፈተና ጌም ቦይ ነበር። በ1989 ሲወጣ መስተዋቱ ቀለም የለውም፤ ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር የሚሄድ አራት ደረጃ ብቻ ነው። የአታሪ ሊንክስና በኋላ የመጣው የሴጋ ጌም ጊር ባለቀለምና ብርሃናማ ነበሩ፤ ነገር ግን 6 ባትሪ ድንጋይ በጥቂት ሰዓት ይጨርሱ ነበር። ጌም ቦይ በ4 ድንጋይ ከ10 ሰዓት በላይ ይሠራል። ድንጋይ ገዝቶ የሚያውቅ ቤተ ሰብ ልዩነቱን ይረዳዋል። ጌም ቦይ ከባለቀለሙ ተከታዩ ጋር ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ይሁን እንጂ ርካሽ ሁሉ አልሠመረላቸውም። በ1995 ያወጡት ቨርቹዋል ቦይ ርካሽ በሆነ ቀይ መብራት ብቻ የሚያሳይ ሲሆን፣ ዓይን ያደክማል ተብሎ ብዙም ሳይቈይ ከገበያ ወጣ። እንደ እኔ አስተያየት ጥፋቱ በርካሽነቱ አልነበረም፤ ሰው ለረጅም ጊዜ ሊያየው አለመቻሉ ነው።

በ1996 ከኒንቴንዶ ወጥተው ኮቶ የተባለ የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። ጥቅምት 4 ቀን 1997 መንገድ ላይ ከመኪና ወርደው ሳለ ሌላ መኪና ገጭቷቸው በ56 ዓመታቸው ዐረፉ። የጀመሩት ዋንደርስዋን የተባለው መጫወቻ በ1999 ለገበያ ሲቀርብ የሚሠራው በ1 ባትሪ ድንጋይ ብቻ ነበር።